በቁመቱ ልክ

ኮልፌ፣ ጥቅምት 19 ቀን 1970 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴና ለመምህሬ ለመሪጌታ ደመቀ
ቢቸና

የኔታ፣ እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎንስ እንዴት አደረገዎ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን ብዬ ልቀጥል ነበር። ልማድ ሆኖብኝ ነው እንጂ ደህና አይደለንም።

ይህን በፖስታ አልላክሁትም። ይዞልዎት የሚመጣው ጎረቤታችን ገሜዳ ነው፤ ከእናንተ አገር ጤፍ የሚጭን ሹፌር ነው። የታመነ ሰው ስለሆነ በግልጽ እጽፋለሁ። በፖስታ የጻፍሁልዎ እንደሆነ ግን «ታማሚው» ስል ወንድሜን በዛብህን ማለቴ ነው።

በዛብህን ወስደውታል። በአሰሳው ጊዜ አብዮት ጠባቂዎች ገብተው ከአልጋው አስነሡት። ምን እንዳደረገ የነገረን የለም። ከሰፈሩ ልጆች ጋር ቀበሌው እስር ቤት ነው ያለው። እናቴ ጠዋት ጠዋት ምሳ ዕቃ ይዛ በር ላይ ትቆማለች። ዕቃው ባዶውን ከተመለሰ ልጁ አለ ማለት ነው። «ከእንግዲህ ስንቅ አታምጡ» የተባለች እናት ግን ወዴት እንደምትሄድ ይጠፋታል። እንዲህ የምትባል ሴት የማትገኝበት ቀን የለም።

እኔና እርስዎ ከተኳረፍን ዘመን ሆነን። ከእንጨት ቀርጬ ያተምሁትን የመጀመሪያ ሥራዬን ብልክልዎ፣ «አንዱን መልአክ መቶ አደረግኸው። ክታብ የአንድ ሰው ነው፤ በአንድ ስም፣ በአንድ ቁመት» ብለው መለሱልኝ። አልተቀየምሁም ብል ውሸት ነው። ሥራዬ አዳራሽ ተሰቅሎ ሰዎች «ይህን ዓይን ከየት አመጣኸው?» ሲሉኝ ግን መልሴ አንድ ነበር። ልጅ ሆኜ ወባ ሲጥለኝ፣ እርስዎ በቁመቴ የተቆረጠ ብራና ከራሴ እስከ እግሬ ዘረጉብኝ። በትኩሳቱ መሀል ሁለት ትልልቅ ዓይኖች ከኋላዬ የቆመውን ነገር ትኩር ብለው ሲያዩ አየሁ። ከዚያ ወዲህ የቀረጽሁት ሁሉ እነዚያን ዓይኖች ነው።

ዛሬ እነሱም ቀርተዋል። ማተሚያ ቤት ተቀጥሬ ለመፈክር ቡጢ እቀርጻለሁ።

እናቴ «ወንድሜ ደመቀ ለበዛብህ ክታብ ይጻፍለት» ትላለች። ሌላ ቃል ከአፏ አይወጣም። እኔም እግርዎ ላይ ወድቄ እለምንዎታለሁ። የክርስትና ስሙን እርስዎ ያውቁታል።

ልጅዎ ወንድይፍራው

*

ቢቸና፣ ኅዳር 6 ቀን 1970 ዓ.ም.

ልጄ ወንድይፍራው፣

ሰውህ ደረሰ። ጠላ ባቀርብለት መሪ ይዣለሁ ብሎ እምቢ አለኝ። ደግ ሹፌር ነው።

ፊደሌ የዝሆን ኮቴ ሆኖብህ ይሆናል። ዓይኔን ሞራ ጋርዶታል። ሰው የማየው በድምፁ ነው። ስለዚህ ለእህቴ ለፀዳለ እሺ የምልበት ዓይን የለኝም፤ ሐረግ ስስል ከብራናው ወጥቼ ጉልበቴ ላይ ነው የምጽፈው። አልቅሼ ሳበቃ ያሰብሁት ይህን ነው፦ ከኔ የተረፈው እጅ ያንተ እጅ ነው። አንተ ጻፍለት።

ብራና ፈልግ። ጾመ ነቢያት እየገባ ነው፣ እሱን ይዘህ ጀምር። ዓይኑን በመጨረሻ ሣል፣ ያን ቀን እህል አትቅመስ። ከሁሉ በፊት ግን ቁመቱን ለካ። ያለ ቁመት ክታብ የለም። ከቁመቱ ያጠረ እንደሆነ እግሩ ውጭ ያድራል።

በገሜዳ በኩል ያስጠየቅኸኝን ሰምቻለሁ። አዎን፣ ያን ጊዜ የላክኸው ሥዕል አለ። ግድግዳ ላይ ነው። የጭስ ቤት ስለሆነ ጠቁሯል፣ ዓይኑ ግን ዓይን ነው።

በእንጨት እንዳትሠራው።

አጎትህ ደመቀ

*

ኮልፌ፣ ኅዳር 24 ቀን 1970 ዓ.ም.

የኔታ፣

እግዚአብሔር ዓይንዎን ያብራልዎ። ለሞራው እዚህ ሐኪም ነበረ፤ ነገር ግን ወደ አዲስ አበባ ይምጡ የምልበት ዘመን አይደለም። እናቴ እንዴት ናት ብለው በገሜዳ ላስጠየቁኝ፣ በእግሯ ቆማለች። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ብራና በመርካቶ ፈልጌ ያገኘሁት የከበሮ ቆዳ ብቻ ነው። ደግሞ እውነቱን ልንገርዎ። ብርዕ ይዤ ሞከርሁ፤ የመልአኩ ክንፍ የዶሮ ክንፍ ሆነብኝ። እጄ ብርዕ ረስቷል። መሮ ስይዝ ግን ያ በወባዬ ያየሁት ዓይን ሳልጠራው ይመጣል። ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ሐሳቤ ይበተናል፤ እንጨት ላይ ጎንበስ ስል ነው የምጸልየው። ሌላ ጸሎት አልሆነልኝም የኔታ።

ስለዚህ ሳላስፈቅድዎ አንድ ነገር አደረግሁ። ቀርጬ የማትምበት የሰው ቁመት ያለው ጣውላ ባጣ የቤታችንን በር ነቀልሁት። አባቴ ያሠራው የዝግባ በር ነው፤ ያውቁታል። በቦታው ብርድ ልብስ ሰቅለናል። ጎረቤቱ «በዚህ ዘመን ያለ በር?» ብሎ ሲገረም እናቴ፣ «መግባት የፈለገ በበሩም ገብቷል» አለችው።

የበዛብህን ቁመት ግን ማን ይለካል? ግድግዳው ላይ ያለው ምልክት የድሮ ነው፤ ልጁ ከዚያ ወዲህ ተመዟል። እናቴ አንድ ዘዴ ፈጠረች። ንጹሕ ልብሱን ስትልክ ጥቅሉን እጇ በፈተለችው ረጅም ፈትል ጠፍራ አሰረችው። ወረቀት የለው፣ መልእክት የለው። ልጅ ሆኖ ኩፍኝ ሲይዘው እርስዎ በክር ስለለኩት «ይገባዋል» ትላለች። እኔ እንኳ አልመሰለኝም። ዘብ ፈትሉን በጥሶ ይጥለዋል ብዬ እፈራለሁ።

በእንጨት ልቀጥል ወይስ በሩን መልሼ ልስቀል? አንድ ቃል ይላኩልኝ።

ወንድይፍራው

*

ቢቸና፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 1970 ዓ.ም.
(በፖስታ)

ለልጄ ለወንድይፍራው፣

ታማሚው እንዴት ሰነበተ? ገሜዳ ሳይጭን ስለቆየ በዚህ ላክሁልህ።

መድኃኒቱን ባለህ ዕቃ አዘጋጀው። መጀመሪያ ተቆጥቼ ነበር። ከዚያ እህቴ ለጎረቤቷ የሰጠችውን መልስ እንደገና አሰብሁና ቁጣዬ ለቀቀኝ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ? ባለጋራችን ችግር ነው እንጂ አንተ አይደለህም።

ነገር ግን አንድ ጊዜ ብቻ ትቀምመዋለህ። ከዚያ መቀመሚያውን አቃጥለው። ለአንድ ታማሚ የተቀመመ ለሌላ አይሆንም። በዚህ አልለወጥም፤ እንዳትከራከረኝ።

ደመቀ

*

ኮልፌ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1970 ዓ.ም.

የኔታ፣ ፈትሉ ተመለሰ!

ሰላምታውን ኋላ አደርሳለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ። ያደፈው ልብሱ በዚያው ፈትል ታስሮ ወጣ። ገብቶታል! እናቴ ፈትታ ስትዘረጋው ግን ቋጠሮው አንድ አይደለም። ሰባት ነው። እኔ ልጁ ሥራ ፈትቶ ያደረገው መሰለኝ። እሷ የፈትሉን ጫፍ በእግሯ ረግጣ ወደ ላይ ሳበችው፤ ከራሷ በላይ ያለችውን አራተኛዋን ቋጠሮ ይዛ፣ «ይሄ የሱ ነው። እዚህ ድረስ ነው» አለች።

«የቀሩትስ?»

«አብረውት የታሰሩት ናቸዋ! ልጆቹ ሁሉ ተለክተዋል።»

ሰባት ልጅ በአንድ ክር ላይ፣ የኔታ። አንዱ ቆሞ ሌላው ራሱ ላይ ጣቱን እያሳረፈ ሲቋጥሩ ታየኝና መቀመጥ አቃተኝ።

በነጋታው እናቴ እስር ቤቱ በር ላይ ለሚቆሙት እናቶች ነገረቻቸው። በር ወደሌለው ቤታችን ተራ በተራ መጡ። ወለተጻድቅ የምትባል ከሳንሱሲ በእግሯ መጣች። «ልጄ ሲያቅፈኝ አገጩ ራሴ ላይ ነው የሚያርፈው» አለች። እናቴን እቀፊኝ ብላ፣ አገጯ ራሷ ላይ እስኪያርፍ ከፍ ዝቅ እያደረገቻት፣ ከእናቴ ራስ ትክክል ያለችውን ቋጠሮ አገኘች። ዋጋነሽ የምትባለው ደግሞ ከበሩ ሳትገባ፣ «እኔ ጴንጤ ነኝ፤ በክታብ አላምንም። ቁመቱን ግን አሳዩኝ» አለች። የልጇ የደበላ ቋጠሮ ከሁሉም የላይኛው ነው። ወንበር ላይ ወጥታ ጉንጯን ቋጠሮው ላይ አስጠጋች። እንድትወርድ የጠየቃት የለም።

ከእሷ በቀር ሁሉም «ለኔም ልጅ» ይሉኛል። እርስዎ ደግሞ አንዴ አትመህ አቃጥል ብለውኛል። በሩ ተቀርጾ አልቋል፣ የቀረው ዓይኑ ነው። መልስዎ ሳይመጣ ዓይኑን አልነካውም። አንድ ላትም ወይስ ሰባት? አንድ ካሉኝ እሺ እላለሁ፤ ግን ስድስቱን እናቶች በምን ዓይኔ ልያቸው? የምላቸውን እርስዎ ይንገሩኝና ልበላቸው።

ወንድይፍራው

*

ቢቸና፣ ጥር 2 ቀን 1970 ዓ.ም.

ልጄ፣

ደብዳቤህን ገሜዳ አነበበልኝ። ድገመው አልሁት። ሦስተኛ ስለው አጥፎ እጄ ላይ አኖረው።

ክታብ የአንድ ሰው ነው ያልሁህ ዛሬም እውነት ነው። የተማርሁት እንዲያ ነው። ልጆቹ ራሳቸው በአንድ ክር ከተለኩ ግን እኔ ማን ነኝና እቆርጠዋለሁ? አትም። ወረቀቱን ለእያንዳንዱ እንደ ቋጠሮው ቁረጠው። የስሙን ቦታ በእንጨቱ ላይ ባዶ ተወውና እያንዳንዱን ስም በእጅህ ጻፍ። የዶሮ ጭረት ቢመስልም ግድ የለም፣ እጅህ ይኑርበት። ለዚያች ለጴንጤዋም ስጣት። ካልፈለገችው ዳቦ ትጠቅልልበት።

በሩንም አታቃጥለው፤ በር ነውና ሲያበቃ ይዘጋበት።

ሰባቱንም ስም ላክልኝ። ማታ ማታ እጠራቸዋለሁ።

ደመቀ

*

ኮልፌ፣ ጥር 18 ቀን 1970 ዓ.ም.

የኔታ፣ እንደምን ሰነበቱ?

ዓይኑን በጥምቀት ዋዜማ እህል ሳልቀምስ ቀረጽሁት። ቀለሙን ከየት አመጣህ ቢሉኝ፣ ከማተሚያ ቤቱ ነው። «ቀይ ሽብር ይፋፋም» የምናትምበት ጥቁር ቀለም። ሌላ የለም። ይህም ቀለም ይቀደስ አልሁና ቀባሁት። ወረቀቱን አልብሼ በእንጨት ማንኪያ ጀርባውን አሸሁ። ስገልጠው ዓይኖቹ አዩኝ። የበሩ ጣውላዎች የተጋጠሙበት ስንጥቅ በመልአኩ ደረት መሀል ነጭ መስመር ሆኖ ወጥቷል፤ ላጠፋው አልቻልሁም።

ስሞቹን ጻፍሁ። ዋጋነሽ ልጇ የክርስትና ስም ስለሌለው፣ «እኔ የምጠራው ደበላ እያልሁ ነው፤ እግዚአብሔርም እንደዚያ ነው የሚያውቀው» አለችኝ። ደበላ ብዬ ጻፍሁ።

እንዴት ገባ ቢሉኝ፣ በብርድ ልብስ ገበር ውስጥ ሰፍተን ነው። ወረቀቱ እንዳይንኮሻኮሽ ሴቶቹ እንደ ልብስ አጠባ ጨምድደው ጨምድደው አለሰለሱት። በሕይወቴ የራሴን ሕትመት ጨምድጄ አላውቅም። ሰባቱንም ሲጨመድዱ ጀርባዬን ሰጥቼ ተቀመጥሁ።

ዘቡ የኛን ብርድ ልብስ ዳብሶ፣ «ምነው ወፈረ?» አለ። እናቴ «ገበር ጨምሬበት ነው፤ ልጄ ብርድ አይችልም» አለችው። አስገባው። ሰባቱም ገብተዋል። ከእንግዲህ መጠበቅ ነው። ምሳ ዕቃው እስከ ዛሬ ባዶውን ይመለሳል።

ስሞቹ በሌላው ወረቀት አሉ።

ወንድይፍራው

*

ቢቸና፣ የካቲት 11 ቀን 1970 ዓ.ም.

ወንድይፍራው፣

ገሜዳ መጣ። ደብዳቤ አላመጣም። «ደህና ናቸው ወይ?» ብለው፣ «መንገዱ አቧራ ነው፣ አባ» አለኝ። ጠላውን ግን ዛሬ ጠጣ።

ዓይኔ ቢጠፋ ጆሮዬ አልጠፋም። ምን ሆናችኋል? ሰባቱን ስም ማታ ማታ እጠራለሁ። ወልደ ሰንበት ስል፣ የበዛብህን የክርስትና ስም ስጠራ፣ ትላንት አፌ ተሳሰረ። እርጅና ነው በለኝ።

ደመቀ

*

ኮልፌ፣ የካቲት 17 ቀን 1970 ዓ.ም.
(በፖስታ)

የተከበሩ አጎቴ፣

ዝም ስላልሁ ይቅር ይበሉኝ። ለገሜዳም የነገርሁት ዝም እንዲል ነው።

የታማሚውን ብርድ ልብስ መልሰውልናል። ምግብም አያስፈልገውም ብለዋል።

ሌላ የሰጡን ነገር የለም። የት እንዳስቀመጡት ጠይቀን፣ መጠየቅ አይቻልም ተብለናል። እናቴ ደህና ናት። ድምፅ አታሰማም፤ ድምፅ ማሰማት ክልክል ነው።

አንድ ነገር ብቻ ይመልሱልኝ። ለታማሚ ከሚዘረጋው ሌላ፣ ላረፈ ሰው አብሮት የሚጠቀለል አለ ብለው አስተምረውኝ ነበር። የሁለቱ ልክ አንድ ነው ወይ?

ወንድይፍራው

*

ቢቸና፣ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም.

ልጄ፣

አንድ ነው። ሁለቱም በቁመት ልክ ነው።

ሰውየው ከሌለ ቁመቱን ቅበሩ። ሕትመቱን በነጠላ ጠቅልሉት፤ ፈትሉንም ከእሱ ቋጠሮ ላይ ቆርጣችሁ አብራችሁ ቅበሩት። ካህኑ ከፈራ፣ ያረጀ ሥዕል ነው የምንቀብረው በሉት። ሥርዓቱ ይፈቅዳል፤ ውሸትም አይሆንም።

እኔ እዚህ ጮኼ አልቅሻለሁ፤ የእህቴንም ድርሻ ጨምሬ። የአንድ ዓይን ብርሃን ቢኖረኝ በእግሬ እመጣ ነበር። ለዚያ ልጅ ክታቡን እኔ ብጽፈው ኖሮ እያልሁ ሌሊቱን እከራከራለሁ። አንተ ግን እንዲህ አትበል። ደግመህ እንዳትል።

ደመቀ

*

ኮልፌ፣ መጋቢት 9 ቀን 1970 ዓ.ም.

የኔታ፣

ያሉትን አደረግን። አንዱን ግን አላደረግንም፤ ስለዚህ ነው የምጽፍልዎ።

ብርድ ልብሱን ስንተረትር ወረቀቱ እዚያው አለ። በላቡ ረጥቦ ደርቋል፣ ደረቱ ላይ ቀለሙ ደብዝዟል። ገበሩ አንድ ቦታ ላይ ተቀዷል፤ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ነው። ቀዳዳው ትክክል ዓይኑ ላይ ነው። የመልአኩ ቀኝ ዓይን በጣት ብዛት ተፍቆ ነጭ ሆኗል። ስለዚህ አግኝቶታል የኔታ። እዚያ ውስጥ ሆኖ እየነካካው ነበር። ይህ ማጽናኛ ይሁን ስቃይ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። አዳራሽ የተሰቀለው ሥራዬ ሁሉ ያችን የተፋቀች ዓይን አያህልም፤ ግን ሁሉንም፣ እጄንም ጨምሬ፣ ለልጁ በሰጠሁና እሱ በመጣ።

ቀብሩን ያረጀ ሥዕል ነው ብለን አስፈቀድን። ካህኑ ጥቅሉን አየና ርዝመቱን ሲያይ ገባው፤ ፍትሐት አደረሰልን። ጉድጓዱ አጭር እንዳይሆን ጥቅሉን ዘርግተን ለካን፤ ዋጋነሽ በእግር በኩል ያዘች፣ እኔ በራስ በኩል። እናቴ አላለቀሰችም። ከአጥሩ ውጭ የቀበሌው ሰው ቆሞ ነበር።

ያላደረግነው ፈትሉን ነው። መቀስ ይዤ፣ «የኔታ ከቋጠሮው ቆርጣችሁ ቅበሩት ብለዋል» አልኋት። እናቴ ፈትሉን ከእጄ ነጠቀችኝ። «ከሱ የሚረዝሙ ልጆች አሉ» አለች። «እሱ ላይ ከቆረጥሁት የነሱ ቁመት ይቆረጣል። የደበላ እናት ምን ታይ?»

መቀሱን አስቀመጥሁት። እርስዎም ቢሆኑ ያስቀምጡት ነበር።

በሩን መልሼ ሰቅየዋለሁ። የተቀረጸው ወገን ወደ ውስጥ ነው፤ ሲዘጋ ዓይኖቹ ቤቱን ያያሉ። ፈትሉ ከአጠገቡ ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል፤ ሰባቱም ቋጠሮ አለበት። ዋጋነሽ ከእስር ቤቱ ስትመለስ በእኛ በኩል ታልፋለች። ወንበሩን ራሷ ስባ፣ ወጥታ፣ የላይኛዋን ቋጠሮ ነክታ ትወርዳለች። በክታብ አላምንም ማለቷን አልተወችም።

ዛሬም መጣች። እናቴ ከምንም በፊት ምሳ ዕቃዋን ተቀብላ ከፈተችው።

ባዶ ነው።

ልጅዎ ወንድይፍራው